በሬ ያልገዛንበት ዓመት

ገንዘብ ሲሰጠው የሚደነግጥ ሰው አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ፤ አባቴ ነው።

ዓምና ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ሄደብን። ማሽላው ቁመት እንጂ ፍሬ አልያዘም። በበጋው መጨረሻ አንድ የእርዳታ ድርጅት ከአሶሳ ወደ እኛ ሰፈራ መንደር ይመጣል ተባለ። እናቴ እርዳታ ማለት ስንዴ ነው ብላ ጆንያዎቻችንን ሁሉ አጠበች፤ የተቀደደውን ጠቀመች፤ አጥር ላይ አስጥታ ጠበቀች። የመጣው ግን ስንዴ አልነበረም። የመጡት አንዲት ወጣት ሴት፣ አንድ ሾፌርና ፖስታ የሞላበት የብረት ሳጥን ነበሩ።

የእኛን መንደር ሰውና ከወንዙ ማዶ ያለውን የበርታዎቹን መንደር ሰው በቀበሌው አዳራሽ አንድ ላይ ሰበሰቡን። ሴትዮዋ ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በየፖስታው ገንዘብ እንዳለ፣ ገንዘቡ ብድር እንዳልሆነ፣ ሥራም እንደማያሠራ ነገረችን። «ምንም ግዴታ የለበትም። ለፈለጋችሁት አውሉት» አለች።

አባቴ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ለፈለጋችሁት ማለት ለምን ለምን ነው?»

«ለፈለጋችሁት ነው፣ አባባ።»

«እሺ። እናንተስ ለምን እንድናውለው ትፈልጋላችሁ?»

«እኛ ምንም አንፈልግም።»

«እሱ ገብቶኛል፣ ልጄ። ግን ብትፈልጉ ኖሮ ምን ትፈልጉ ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋም ሳቀች። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነው።

አልፈርድበትም። አባቴ ከወሎ ወደዚህ የመጣው በሰፈራው ጊዜ፣ እኔ ሳልወለድ፣ በጭነት መኪና ነው። ያኔም ብርድ ልብስ ተሰጠው፣ ዶማ ተሰጠው፣ ማሽላ ተሰጠው። ከተሰጠው ነገር ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ወረቀት የያዘ ሰው እየመጣ «ያ የሰጠንህ የት ደረሰ?» ይለው ነበር። ስለዚህ ይህ ገንዘብ በአባቴ ዓይን ፈተና ነበር። ትክክለኛው መልስ አንድ ቦታ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሴትዮዋ ታውቀዋለች፤ እኛ ፈልገን ማግኘት አለብን።

ከአባቴ አጠገብ የተቀመጠው ጎረቤታችን ነበር። የበርታ ሰው ነው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እሱም ፖስታውን ተቀበለ። ሁልጊዜ ከስብሰባ ሲወጡ እሱና አባቴ የተናገረውን ሰው ሁሉ እያነሱ ሲያሙ ነው የሚመለሱት። የዚያን ቀን ግን እስከ ወንዙ ድረስ አንዳች አልተናገሩም። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጋሼ «ያ ዞል፣ ደህና ዋል» አለ፤ አባቴም «አብሽር፣ ደህና ዋል» አለው። ዞል በዓረብኛ ሰው ማለት ነው፤ ጋሼ አባቴን ከዚህ ሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

ለምን ዝም እንደተባባሉ እንዲገባችሁ ስለ መቀናጆ መንገር አለብኝ።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው ሰው፣ አንድ በሬ ያለው ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቀንበር ይጠምዳሉ፤ ሁለት ቀን የአንዱን ማሳ ያርሳሉ፣ ሁለት ቀን የሌላውን። እኛም ድሮ ሁለት በሬ ነበረን ይባላል። እኔ ሕፃን ሳለሁ አንዱን በሽታ ገደለው፤ እዚህ አገር ዝንብ ነክሶት የሚያመነምነው፣ ገንዲ የሚሉት በሽታ። አባቴ የቀረውን ዳለቻ በሬ እያየ በር ላይ ተቀምጦ ሰነበተ። በዚያው ሰሞን ጋሼ በሬ ገዛ። ሚስቱ በጋ በጋ ወንዝ ወርዳ፣ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብላ፣ በእንጨት ገበቴ አሸዋ እያጠበች ወርቅ ታወጣለች፤ በሬው የተገዛው በዚያ ወርቅ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አጭርና ወፍራም ቦራ። የጋሼ አባትና አያት በዶማ ነው የቆፈሩት፤ በሬ አያውቁም። ጋሼ በሬ ገዝቶ ቤቱ ካስገባ በኋላ ነው ግማሽ ነገር መግዛቱን ያወቀው እያለ አባቴ እስከ ዛሬ ይቀልድበታል። ጋሼ ግን አልተሸበረም። በሬውን እየጎተተ ወንዙን ተሻግሮ እኛ በር ላይ ቆመ።

«ያ ዞል፣ እኔ አንድ በሬ አለ። አንተ አንድ በሬ አለ። ምን እንጠብቃለን?»

በዚህ ተጀመረ። አባቴ እርፍ መያዝ አስተማረው። እሱም የትኛው መሬት ውሃ እንደሚቋጥር፣ የቱ ጋ ኦቾሎኒ፣ የቱ ጋ ማሽላ እንደሚሻል ለአባቴ አሳየው፤ ከራሱም መሬት ቆርሶ ሰጠው። እነሆ እኔ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ፤ እነሱም አሁንም ሁለት ቀን የኛ፣ ሁለት ቀን የነሱ እያሉ ነው። ምሳ የማደርሰው እኔና የጋሼ ልጅ ነን። እሷ ክፍል ውስጥም ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። የእናቷ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ሲመጣ አባቴ የእኛን ቤት ምሳ ገፋ ያደርገዋል። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ እንዳላወቀች ትሆናለች።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ዳለቻው ረጅም ነው፤ ቦራው አጭር ነው። ቀንበሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በየዓመቱ እርሻው ሳይጋመስ የቦራው ጫንቃ ይላጣል፤ ሞራ እየቀቡት ይውላሉ። ጋሼ ይናደዳል።

«የኔ በሬ ቁስል ይሸከማል። የአንተ በሬ ኩራት ይሸከማል።»

«የወሎ በሬ ነው፣ ምን ላድርገው» ይላል አባቴ።

«ወላሂ፣ ሰውየውም እንደ በሬው ነው።»

ክልላችን ገና አዲስ ነው። አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፤ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል። ስብሰባም በዛ። በስብሰባው ላይ ደግሞ ማን የአገሩ ልጅ እንደሆነና ማን ሰፋሪ እንደሆነ ይነሳ ጀመር። ሰዎች ሳይነገራቸው በየወገናቸው ይቀመጡ ነበር። አባቴና ጋሼ ግን ሲገቡ ስለ በሬ እያወሩ ስለሚገቡ፣ ወሬውን ሳይጨርሱ የት እንደተቀመጡ እንኳን አያውቁም።

እንግዲህ አስቡት። አሁን ሁለቱም እጅ ላይ አንድ አንድ በሬ የሚገዛ ገንዘብ አለ።

መንደሩ ሁሉ አባቴን «በሬ ግዛ እንጂ» አለው። አንዱ ቆርቆሮ ቢለው ሦስቱ በሬ አሉት። እናቴም አንድ ጠዋት በግልጽ ጠየቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዓመት በሬ በሬ ስትል ኖረህ ምን ነካህ?»

«ብገዛ ቦራውን ከማን ጋር ይጠምደዋል?»

«እሱም ይገዛላ። ገንዘቡን ተቀብሎ የለ?»

«እሱ ነው ነገሩ» አለ አባቴ። «እሱ በራሱ ጥማድ እዚያ ማዶ፣ እኔ በራሴ ጥማድ እዚህ። ከዚያ ምን ብሎ ወደ እኔ ይመጣል? እኔስ ምን ብዬ እሄዳለሁ?»

እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ሁለቱም ቢኖራቸው ምን ይከፋል ብዬ ነበር። አሁን ግን ሳስበው አባቴ ልክ ነበር። በችግር የተጀመረ ነገር ችግሩ ሲያልቅ ይቆም አይቆም ማንም ሞክሮት አያውቅም።

ስለዚህ ገንዘቡ አልጋ ሥር ተቀመጠ። በዚህ መሀል እናቴ ከፖስታው አንድ ኖት ሳብ አድርጋ መቀነቷ ላይ ቋጠረች። «ይቺ የኔ ናት» አለች። ቅዳሜ አሶሳ ወረደችና መስታወት ገዝታ መጣች። የእጅ መስታወት እንዳይመስላችሁ። ከእኔ ደረት የሚደርስ፣ ሰማያዊ ፍሬም ያለው መስታወት፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላ።

አባቴ ሲያየው ራሱን ያዘ። «ድርጅቱ ቢመጣ ምን እንላለን? መስታወት ገዛን እንላለን?»

«ለፈለጋችሁት አላለችም?»

«ለመስታወት አላለችም!»

«እኔ ከወሎ ከወጣሁ ጀምሮ ወገቤን አይቼው አላውቅም» አለች እናቴ። ግድግዳው ላይ ሰቅላ ፊት ለፊቱ ቆመች። ወደ ጎን ዞረች። ቀሚሷን ጎተት አደረገች። «ደህና ነኝ ለካ» አለች፣ ለራሷ ነው የነገረችው። በማግሥቱ የመንደሩ ሴቶች ተራ በተራ እየመጡ ራሳቸውን አይተው ሄዱ። የጋሼ ሚስትም ወንዙን ተሻግራ መጣች፤ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችና፣ «እኔ እናቴን ሆነ» ብላ ሳቀች። አባቴ ግን የድርጅቱ ሴትዮ በድንገት ብትመጣ ብሎ ጠዋት ጠዋት መስታወቱን በጆንያ ይሸፍነው ነበር። እናቴ ደግሞ ትገልጠዋለች።

የእርሻው ወቅት እየቀረበ መጣ። አንድ ከሰዓት አባቴ ጠራኝና ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ እነ ጋሼ ቤት ሄደሽ ወንፊት ተዋሺ» አለኝ።

«ወንፊት አለን'ኮ።»

«የነሱ ይሻላል። ደግሞ… ስትገቢ ግቢውን አየት አድርጊ።»

ገባኝ። ሰላይ ተደርጌያለሁ። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት። በዚያ ሰሞን የአማርኛ መምህራችን፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት፣ ድርሰቴን ለክፍሉ አንብቦልኝ ስለነበር ዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ እኔ እንድጽፈው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። እስክሪብቶዬን ፀጉሬ ላይ ሰክቼ ነበር የምዞረው። መምህሩ ግን ድርሰቴ ሥር በቀይ የጻፈው ነገር ነበር፦ «ያሰብሽውን ከመጻፍሽ በፊት ያየሽውን ጻፊ።» እሱን አላነበብኩትም ማለት ይቻላል፤ ያየሁት ማርኩን ነው።

ጋሼ ከቤቱ ጀርባ ቁጭ ብሎ አንድ ረጅም የዋንዛ እንጨት በመጥረቢያ ይጠርባል። ሲያየኝ ጆንያ ጣል አደረገበት። ዘግይቷል፤ አይቼዋለሁ። ቀንበር ነው።

«ያ ቢንት፣ ና፣ ማንጎ ብላ» አለኝ። ቢንት በዓረብኛ ልጅት ማለት ነው። ጋሼ አማርኛን ካደገ በኋላ ነው የተማረው፤ ለልጁም ለእኔም ለሚስቱም «ና» ነው። ማንጎዬን በላሁ፤ ወንፊቱን ተቀበልኩ፤ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«አዲስ ቀንበር እየጠረበ ነው» አልኩት አባቴን።

አባቴ የያዘውን ነገር አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት። ሲያየኝ ሸፈነው።»

ቀንበር የእኛ ቤት አለ። ለሁለቱ በሬዎች አንድ ቀንበር ይበቃል። የራሱን ቀንበር የሚጠርብ ሰው የራሱን ጥማድ ሊያደርግ ነው፤ ይህ ለሕፃን ልጅም ግልጽ ነው። አባቴ ተነሳና ወደ ዳለቻው በረት ገባ። ያን ሳምንት በረቱን ሲያሰፋ ሰነበተ፤ ሽመል የምንለውን ቀርከሃ ምሰሶ አድርጎ አቆመ፣ ሣር ከደነ። ምን እያደረገ እንደሆነ እናቴ ስትጠይቀው «ዝናብ ይመጣል» አላት። ለወትሮው ከበረቱ እየወጣ ለእንግዳው በሬ ሣር ይጥልለት የነበረው ሰው፣ ቦራው እኛ ጋ ባደረ ቀን እንኳን ቀና ብሎ አላየውም።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታውን ከአልጋው ሥር አወጣ። «ነይ» አለኝ።

የአሶሳ የከብት ገበያ አቧራና ጩኸት ነው። አባቴ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ቀልድ ሳይቀልድ፣ ከበሬ ወደ በሬ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቀይ በሬ ፊት ቆመ። ረጅም፣ ቀንዱ የተስተካከለ፣ ከዳለቻው ጋር መንታ የሚመስል። ሻጩ ከባምባሲ በኩል የመጣ ወፍራም ሰውዬ ነው። ተከራከሩ፤ ተስማሙ። አባቴ «አካሄዱን ልየው» ብሎ ገመዱን ተቀበለና ወዲያ ወዲህ ያመላልሰው ጀመር። በሬው ሲሄድ ያምርበታል። አባቴ ግን ሬሳ የሚሸኝ ይመስል ነበር።

ስንዞር ጋሼ ፊት ለፊታችን ቆሟል።

ትከሻው ላይ አዲስ የቆዳ ምራን ጥሏል፤ ምራን ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስሩበት ጠፍር ነው። መጀመሪያ በሬውን አየ፤ ቀጥሎ አባቴ እጅ ላይ ያለውን ገመድ አየ። ፊቱ ላይ ምን እንዳለፈ መጻፍ እችላለሁ ብዬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። ብቻ ወደ በሬው ተጠጋ። ሻኛውን ዳበሰው። አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ። ጎንበስ ብሎ ኮቴውን አየ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጤና ነው። መብሩክ፣ ያ ዞል። አላህ ያሳድገው።»

«ገና… እያየሁት ነው» አለ አባቴ።

«አይ፣ ያዘው። ጥሩ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ያ ቢንት፣ ማንጎ አለ፣ ቤት ና» ብሎኝ ሄደ። ምንም አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

አባቴ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ሻጩ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። አባቴ ግን ጋሼን ከኋላው ነበር የሚያየው፤ ትከሻው ላይ ያለውን ምራን።

«በሬ ያልገዛ ሰው ምራን ምን ያደርግለታል?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ያ ቀንበር ምን ይመስል ነበር?»

«ቀንበር ነዋ።»

«ንገሪኝ። ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ገና አላለቀም ነበር» አልኩት። «አንዱን ጎን ብቻ ነው የጠረበው።»

«እንዴት?»

እስክሪብቶዬን ከፀጉሬ ነቅዬ መዳፌ ላይ ሳልኩት። በግራ በኩል፣ አንገት በሚገባበት ቦታ፣ እንጨቱ ከሥር በጥልቁ ተፈልፍሏል። በቀኝ በኩል ግን እንጨቱ እንደወፈረ ቀርቷል፤ ትንሽ ለስለስ ከመደረጉ በቀር አልተነካም። አባቴ መዳፌን ይዞ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«አልቋል» አለ።

«ምኑ?»

«ቀንበሩ አልቋል። በጥልቁ ውስጥ የሚገባው የረጅም በሬ አንገት ነው። ወፍራሙ አጭሩ ላይ ያርፋል። ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ።» መዳፌን ለቀቀው። «እንዲህ ያለ ቀንበር ለዳለቻውና ለቦራው ካልሆነ ለማንም አይሆንም።»

እኔ ያየሁትን አየሁ፤ ግን ያልጨረሰ መስሎኝ ለአባቴ አልነገርኩትም። ቀንበር ጠረበ ብቻ አልኩት። መምህሩ በቀይ የጻፈው ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ።

አባቴ ገመዱን ለሻጩ መለሰ።

«ምን ሆነ?» አለ ሻጩ።

«ረጅም ነው።»

«ረጅም መሆኑን አሁን ነው ያየኸው? ሰውዬ፣ በሬዬን ስታንሸራሽረው ረፈደኮ! ሠርግ ልትወስደው ነው ብዬ ነበር!»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ። በሬህ አንድ ነገር አልጎደለውም።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

አባቴ መልስ ሳይሰጠው መሮጥ ጀመረ። አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ነጠላው ከትከሻው ወድቆ እኔ አንስቼ ከኋላው ሮጥኩ። ሻጩ ከኋላችን የሚለውን አልጽፈውም።

ጋሼን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሽመል ጫካ አጠገብ ደረስንበት። የእግራችንን ድምጽ ሰምቶ ቆመ። አባቴ ትንፋሹ ተቆርጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። ጋሼም ጠበቀው።

«በሬው የታለ?»

«መለስኩት።»

«ለምን? ጥሩ በሬ ነው።»

«ረጅም ነው» አለ አባቴ። «ለቀንበርህ አይሆንም።»

ጋሼ ወደ እኔ አየ። መዳፌ ላይ ያለውን ሥዕል አየ። ሁሉም ነገር ገባው፤ ግን ለመሳቅ አልቸኮለም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ አባቴም አጠገቡ ተቀመጠ።

«በረቱን ለምን አሰፋህ?» አለ ጋሼ። «ልጄ አይቶ መጣ። ሁለት በሬ የሚገባ በረት አለ ብሎ ነገረኝ።»

ለካ የክፍል ጓደኛዬም ሰላይ ኖራለች። በዚያው ሳምንት መሀል ጨው ልትበደር መጥታ በረቱ አጠገብ የቆመችው ለዚህ ነው።

አባቴ መዋሸት ይችል ነበር። ለቦራው ነው፣ ዝናብ እንዳይመታው ነው ቢል ያምርለት ነበር። ግን አላለም። «ቀንበሩን ስሰማ ለአዲስ በሬ ነው ያሰፋሁት» አለ። «ተናድጄ።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ ገንዘቡ የመጣ ሳምንት ገበያ ሄድኩ። በሬ አየሁ። ጥቁር። ዋጋ ጠየቅሁ። ከዚያ ወደ ቤት ስሄድ በአንተ በር አለፍኩ። አንተ አላየኸኝም። ቦራውን ሣር ታበላለህ። ከዳለቻው አፍ ነጥቀህ ለቦራው ትሰጣለህ። ኻላስ፣ በቃ አልኩ። ሄጄ ዋንዛ ቆረጥኩ።»

«ለምን ሸፈንከው ታዲያ?» አልኩት፤ አላስቻለኝም።

«ሳይጠመድ ካየ ይሄ ሰውዬ ስህተት ያወጣል» አለ በአገጩ አባቴን እያሳየ። ያኔ ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ የቀዩን በሬ ሻጭ ሲያሙት ሄዱ።

ገንዘቡ የት ደረሰ ለምትሉ፦ ሁለቱ ቤት ተመካክሮ ሁለቱንም በሬዎች የገንዲ መርፌ አስወጋ፤ ዘር ተገዛ። እናቴ ሁለት ፍየል ገዛች። የጋሼ ሚስት በጋው እስኪያልቅ ወንዝ ሳትወርድ ቀረች፤ ወገቧን አሳርፋ ቤት ስትውል ጋሼ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ዙሪያዋን ይዞር ነበር ብላ ጓደኛዬ አጫወተችኝ። ለእኔም ከሁሉም የተረፈው ደብተር ሆነ፤ ይኸው እሱ ላይ ነው የምጽፈው። በእኛ ቤት ትልቁ ለውጥ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው የሆነው፤ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ስለሚያስፈልገው ሳይሆን ስለሚፈልገው መረጠ።

የድርጅቱ ሴትዮ አንድ ቀን ሳይነገር ከተፍ አለች። አባቴ መልሱን አጥንቶ ነበር። ግቢው መሀል ቆሞ ስለ መርፌው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ፍየሎቹ ሊዘረዝር ሲጀምር እሷ በሩ በኩል አንገቷን አስገብታ መስታወቱን አየችው። ጆንያው አልነበረበትም፤ እናቴ አንስታዋለች። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ገባች፤ የመኪናው አቧራ የሸፈነውን ፀጉሯን አየች፤ «ውይ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ሆኜ ስዞር የዋልኩት?» ብላ እዚያው ቆማ ማበጠር ጀመረች። እናቴ ማበጠሪያ አቀበለቻት። አባቴ የጀመረውን ሳይጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ስትወጣም የጠየቀችው «ደህና ናችሁ?» ብቻ ነው።

«ይኸው ነው?» አለኝ አባቴ መኪናዋ ከሄደ በኋላ።

«ይኸው ነው።»

«አልፈናል ማለት ነው» አለና ወደ በረቱ ሄደ።

ዝናቡ በጊዜው መጣ። የመጀመሪያው ሁለት ቀን የእነ ጋሼ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ገንፎውንና ባሚያውን ይዘን ማሳው ዳር ስንደርስ አዲሱን ቀንበር እየጠመዱ ነው። ጋሼ ጥልቁን ጎን ዳለቻው ጫንቃ ላይ አሳረፈው፤ ወፍራሙን ጎን ለቦራው። ምራኑን አጠበቀ። አባቴ ከኋላ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየ፤ ከፊት መጥቶ አየ። ስህተት እየፈለገ ነበር፤ አላገኘም። በሬዎቹ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ቀንበሩ ከአንደኛው ጫንቃ ወደ ሌላው እንደ ውሃ የተስተካከለ ነው።

አባቴ እርፉን ያዘ፤ በሬዎቹን ጠራቸው፤ ተንቀሳቀሱ። ጋሼ የመጀመሪያው ፈር እስኪወጣ ድረስ አብሯቸው በጎን ሄደ። ከዚያ ወደ እኛ ተመለሰና አጠገቤ ቆመ። ገና ያላለቀ መስሎኝ እንደነበር ሰምቷል፤ አባቴ ሳይነግረው አይቀርም።

«ያ ቢንት» አለኝ በሬዎቹን እያየ፣ «አሁን እንዴት ነው? ገና ነው?»

ረጋ ብዬ አየሁ። የቦራውን ጫንቃ፣ የዳለቻውን አንገት፣ የምራኑን ቋጠሮ፣ ከማሳው ጫፍ እየዞረ የሚመጣውን አባቴን አየሁ።

«አልቋል፣ ጋሼ» አልኩት።

«እንግዲያ ጻፍ» አለኝና ምሳውን ሊከፍት ሄደ።